የእናት ወገን የት ይጻፋል?
በኤረር ንባብ ቤት ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዝንጀሮ ነው። «እነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው የተማሩት ዝንጀሮ ነው እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሳቁ፤ ግድ የለም። ነገር ግን ማሽላው ሲያሽት፣ ከንጋት እስከ ጀንበር ግባት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውለው ልጅ አይስቅም። ብርቱካኑን ሳይለቅም የተነጠቀው ገበሬም አይስቅም።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ ይባላል። እኛም በመጀመሪያ ለዚህ ንግግር ያበቃንን ነገር እንናገር።

ለማስተማር ተመድበን ከጅግጅጋ ስንነሣ፣ መንገዳችን በካራማራ ተራራ፣ በባቢሌ፣ በሐረርና በድሬዳዋ አድርጎ ወደ ኤረር ነበር። በዳካታ ሸለቆ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በተቆለለበት በዚያ ስፍራ፣ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው አየንና ፎቶግራፍ ለማንሣት ተሻማን። ለእኛ ትርዒት ነበሩ። እዚህ ስንደርስ ግን ለእናንተ ትርዒት እንዳልሆኑ ተረዳን።

አንድ ማታ ትምህርት እንዳለቀ ጥቂት ገበሬዎች ወደ ኋላ ቀሩ። «ፊደሉን ቆጥረናል፤ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ግን ገና ይከብደናል። እስቲ ጻፉልን» አሉን። ደብዳቤው ለዝንጀሮ የሚሆን መርዝ እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ነበር። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። የዓመት ጉሮሮ በአንድ ጧት ይበላል። ልጆች እህል ሲጠብቁ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። እናቶችም ከዚህ ክፍል የሚቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛም ብዕር አነሣን። በዚህ መካከል ክርክር ተነሣ። አንዱ «እነዚህን ብንፈጃቸው እንኳ ከወዲያ ማዶ፣ ከአዋሽ በኩል ሌሎች ይመጣሉ» አለ። ሌላው «የለም፣ የአዋሹ ሌላ ዘር ነው፤ መልኩም ጠባዩም ከዚህኛው ጋር አይገጥምም» አለ። ይህን ጊዜ አንዲት እናት ከወደ ኋላ ሆነው፣ «ልጆቼ፣ በመልኩማ ማንም ይፈርዳል። የእናታቸውን ወገን የሚያውቅ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

መልስ አልነበረንም። አፈርን። ብዕሩንም አስቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ስንጠይቅና ስናነብ ሰነበትን። ዛሬ ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሁለት መልክ

በእኛ አካባቢ፣ ማለትም ከጅግጅጋ ተራሮች እስከ ኤረርና እስከ አይሻ በረሃ ባለው ቆላ የሚኖረው ዝንጀሮ ሐማድሪያስ ይባላል። ወንዱ ግራጫ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ጎፈር አለው። ፊቱ ቀላ ይላል። ሴቷ ቡናማና አነስተኛ ናት፤ ጎፈር የላትም። ማታ ማታ ገደል ላይ ይተኛሉ። ቀን በየቤተሰቡ ተበታትነው ይውላሉ።

ሁለተኛው አኑቢስ ይባላል። መልኩ እንደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቡናማ ነው። ፊቱ ጥቁር ነው። ጎፈሩም እንደ ሐማድሪያስ ወንድ የተንዠረገገ አይደለም። ከሐማድሪያስ ይልቅ ዛፍና ውሃ የበዛበትን አገር ይወዳል። አዋሽን ይዞ ወደ ላይ ሲወጡ የሚገኘው እሱ ነው።

በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ደጋ ሣር እየነጨ የሚኖረውን ጭላዳ የምታውቁ ትኖራላችሁ። ጭላዳ የእነዚህ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም የተለየ ወገን ነው። ዛሬ ስለ እሱ አናወራም።

ብዙዎቹ ሊቃውንት በአፍሪካና በዐረቢያ ያሉትን ዝንጀሮዎች በስድስት ዓይነት ይከፍሏቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሐማድሪያስና አኑቢስ በአገራችን ድንበር ይጋራሉ። ድንበራቸው አዋሽ ፓርክ አጠገብ ያልፋል። እዚያም ይጋባሉ፤ ይዋለዳሉ። ከሁለቱ የሚወለደው ክልስም እንደ በቅሎ መካን አይደለም፤ ራሱ ደግሞ ይወልዳል።

2. በኤረር የታየው ነገር

የኤረር ዝንጀሮ በዓለም የታወቀ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ1960 መጨረሻ ሐንስ ኩመር የተባሉ የስዊዘርላንድ ሰው፣ ፍሬድ ኩርት ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ወደዚህ መጡ። በኤረር ጎታ አካባቢ አንድ ዓመት ያህል ከገደሉ ግርጌ እየተቀመጡ ዝንጀሮዎችን ተመለከቱ። ያዩትን ሁሉ መዘገቡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ዛሬም ስለ ዝንጀሮ የሚማር ሁሉ ያነበዋል።

ምን አዩ? አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ሰብስቦ ይዞ እንደሚሄድ አዩ። ሴት ራቅ ብትል ወንዱ ማጅራቷን ነክሶ ይመልሳታል። ጎረምሳው ወንድ ገና ያልደረሰች ልጅ ከእናቷ ወስዶ አብሯት ይኖራል። በአኑቢስ ዘንድ ሴቷ በተወለደችበት መንጋ ትቀራለች፤ ወንዱ ሲጎረምስ ይሰደዳል። በሐማድሪያስ ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ወንዱ ከአባቱ ወገን አይርቅም። ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንጋ ወደ መንጋ የምትሄደው ሴቷ ናት።

ኩመር በኋላ ሌላ ሙከራ አደረጉ። የአኑቢስ ሴቶችን አስይዘው በሐማድሪያስ መንጋ መካከል ለቀቁ። ወንዶቹ ወዲያው ያዟቸው። እነዚያ ሴቶች ወንድ መከተልን ከእናታቸው አልተማሩም ነበር። ሆኖም በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ መከተል ለመዱ። ይህችን ነገር ልብ በሉ። አንዲት የአኑቢስ ሴት ወደ ሐማድሪያስ ቤት ልትገባ ትችላለች ማለት ነው። ከገባች ልጆቿ ማንን ይመስላሉ? የእናትነቷስ ምልክት የት ይቀራል?

3. በእናት ብቻ የሚወረስ

የእንስሳም የሰውም ገላ ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። ቤት ከጡብ እንደሚሠራ ማለት ነው። በየሕዋሱ ውስጥ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ። ሥራቸው እንደ ምድጃ ነው። የበላነውን ምግብ በምንተነፍሰው አየር አማካይነት አቃጥለው ጉልበት ያደርጉታል። እናንተ መኮትኮቻ ስታነሡ ጉልበቱ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

እነዚህ ምድጃዎች የራሳቸው የሆነ ጽሑፍ አላቸው። የተጻፈው በቀለም አይደለም፤ በአራት ዓይነት ቅመሞች ነው። አራቱን እንደ አራት ፊደል ቁጠሯቸው። በዝንጀሮ ምድጃ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ርዝመቱ 16,500 ፊደል ያህል ነው። ሌላው ትልቁ የዘር ጽሑፍ ግን በሕዋሱ መካከል ይገኛል። ያኛው ከአባትም ከእናትም እኩል ይመጣል። መልክን፣ ቁመትን፣ ጎፈርን በአብዛኛው የሚወስነው ያ ትልቁ ነው።

የምድጃው ጽሑፍ ግን እንደ ደንቡ ከእናት ብቻ ይመጣል። በእንቁላሏ ውስጥ ያሉት የእናት ምድጃዎች ለልጁ ይተላለፋሉ። የአባት ዘር ይዟቸው የሚመጣው ጥቂት ምድጃዎች ግን ይጠፋሉ። ወንድ ልጅም ከእናቱ ይወርሳል፤ ለልጁ ግን አያወርስም። ሴት ልጅ ወርሳ ታወርሳለች።

በዚህ አገር ልጅ ገና አፉን ሲፈታ አብቲርሲ ይማራል። የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ወደ ላይ እስከ ጎሣው አባት ይቆጥራል። መልካም ነው። ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ የሴት አያቶች ስም አይነገርም። ገላ ግን አልረሳቸውም። በእያንዳንዳችን ውስጥ ሌላ አብቲርሲ አለ፤ እሱም የእናት፣ የእናት እናት፣ የእናት እናት እናት ብቻ ነው።

4. የጥቁር ራሷ በግ ምሳሌ

ነገሩን በምታውቁት እንየው። አንድ ሰው ራሷ ጥቁር፣ ገላዋ ነጭ የሆነች የሶማሌ በግ አለችው እንበል። ከሌላ አገር በመጣ ወጠጤ አስጠቃት። የተወለደችው ቄብ ግማሿ የእናት፣ ግማሿ የአባት ነው። እሷንም በሌላ የውጭ ወጠጤ አስጠቃት። አሁን የተወለደችው ከጥቁር ራሷ አያቷ የደረሳት አንድ አራተኛ ገደማ ነው። ቀጥሎ አንድ ስምንተኛ። ቀጥሎ አንድ አሥራ ስድስተኛ። እንዲህ እያለ በአሥረኛው ትውልድ ከ1,024 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ይቀራል።

ያቺን አሥረኛ በግ ገበያ ብትወስዷት ማን የሶማሌ በግ ናት ይላል? ማንም አይልም። መልኳ ፈጽሞ ተለውጧል። የምድጃዋን ጽሑፍ ብታነቡ ግን የዚያች የመጀመሪያዋ የጥቁር ራሷ ነው። ግማሹ ወይም ሩቡ አይደለም፤ ሙሉው ነው።

በዝንጀሮም እንዲሁ ነው። የአንድ ወገን ወንዶች ለብዙ ትውልድ ወደ ሌላው ወገን አገር ቢገቡ መልክ ይለወጣል። የእናት መስመር ግን እዚያው ይቀራል።

5. ስሕተት ምስክር ሲሆን

ታዲያ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡት ማን ለማን እንደሚዛመድ እንዴት ያውቃሉ?

ባለፈው ወር በክፍላችን የሆነውን ታስታውሳላችሁ? በሰሌዳ ላይ «ውሃ አፍልቶ መጠጣት» ብለን ጻፍን። ደብተር ስንሰበስብ ሦስት ሰዎች «ውሃ አፍልቶ መጣጣት» ብለው ጽፈዋል። ሦስቱም አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ማን ከማን እንደ ገለበጠ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ስሕተቱ ራሱ መሰከረ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩም አለፈ።

የምድጃው ጽሑፍም ከእናት ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትለወጣለች። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት የሴት ልጆች ወገኖች ሁሉ ያችን ለውጥ ይዘው ይኖራሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ለውጥ የሚጋሩ ሁለት ዝንጀሮዎች አንዲት የጥንት እናት አላቸው ማለት ነው። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ዝምድናው ቅርብ ነው፤ ብዙ ከሆነ ሩቅ ነው። በዚህም ዘመኑን በግምት ማስላት ይቻላል።

6. ምን ተነበበ?

በአዋሽ ፓርክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች ዝንጀሮዎችን እየያዙ፣ እያስተኙ፣ እየለኩ፣ ደም እየወሰዱ መልሰው ለቀቁ። በኋላ የዘር ጽሑፍን የማንበብ ዘዴ ሲገኝ ከዚያ ደም የእናት መስመር ይነበብ ጀመር። በ2009 ደግሞ ዲትማር ዚነርና ባልደረቦቻቸው በመላው አፍሪካ ከሚገኙ ዝንጀሮዎች የተሰበሰበውን አነጻጽረው አሳተሙ።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። የእናት መስመሩ በመልክ የተከፈሉትን ስድስት ዓይነቶች አልተከተለም። አገርን ተከተለ። መጀመሪያ የሰሜንና የደቡብ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በእኛ በኩል ያለው ሐማድሪያስና ጎረቤቱ አኑቢስ የእናት መስመራቸው አንድ ላይ ተገኘ። በምዕራብ አፍሪካ የሚኖረው አኑቢስ ግን በእናቱ በኩል የሚቀርበው በዚያው አካባቢ ወዳለው የጊኒ ዝንጀሮ ነው። ስለዚህ የአዋሽ አኑቢስ በእናቱ በኩል ከምዕራቡ አኑቢስ ይልቅ ለኤረሩ ባለ ጎፈር ይቀርባል። መልክ አንድ ድንበር አሰመረ፤ የእናት ወገን ሌላ።

በኤርትራ በተደረገ ጥናት ደግሞ ኩመር በዓይናቸው ያዩት ነገር በጽሑፉ ላይ ተገኘ። የሐማድሪያስ ሴቶች ከመንጋ ወደ መንጋ ስለሚሄዱ፣ በአንድ ገደል የሚገኘው የእናት መስመር ርቆ ባለ ገደልም ይገኛል።

ከባሕር ማዶ፣ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያም ሐማድሪያስ አለ። «የጥንት ግብፆች በመርከብ ወስደዋቸው ይሆናል» ይባል ነበር። የእናት መስመሩ ሲነበብ ግን እዚያ የደረሱት ከዚያ እጅግ አስቀድሞ፣ ዓለም በበረዶ ዘመን ሳለች መሆኑ ታወቀ። መርከብ የጫናቸው ግን ሌሎች ነበሩ። በግብፅ የዱር ዝንጀሮ አልነበረም። ሆኖም የጥንት ግብፆች ቶት የተባለውን የጽሕፈትና የጥበብ አምላካቸውን በዝንጀሮ አምሳል ይሥሉ ነበር። ዝንጀሮ ከሩቅ እያስመጡ፣ ሲሞትም ገላውን አድርቀው በጨርቅ ጠቅልለው ይቀብሩ ነበር። በ2023 ጊዜላ ኮፕና ባልደረቦቻቸው ከ2,500 ዓመት በላይ ከቆየ እንዲህ ካለ ሬሳ የእናቱን ጽሑፍ አነበቡ። ዘመዶቹ የተገኙት በኤርትራ በኩል፣ የጥንቱ የአዱሊስ ወደብ ባለበት አገር ነው። ለሺህ ዓመታት በጨርቅ የተጠቀለለ እንስሳ የእናቱን አገር ተናገረ።

7. «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ወይ?»

ይህን ጥያቄ እንደምትጠይቁን እናውቃለን። ሳይንስ ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ አይልም። ዝንጀሮ አያታችን አይደለም። ሳይንስ የሚለው፣ የሰው መስመርና የዝንጀሮ መስመር ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ የተለያዩ ናቸው ነው። የሃይማኖትን ነገር ለየሃይማኖቱ አባቶች እንተዋለን። ዛሬ የተነሣንበት ጥያቄ የሰው ሳይሆን የዝንጀሮዎቹ የእርስ በርስ ዝምድና ነው።

8. ወደ ደብዳቤው እንመለስ

እንግዲህ ለእኚያ እናት ጥያቄ መልስ አግኝተናል። የእኛ የገደል ዝንጀሮና የአዋሹ ዝንጀሮ በመልክ ሁለት ናቸው፤ በእናት በኩል ግን ዘመዳሞች ናቸው። በመካከላቸው ግንብ የለም። የአንዱ ገደል ሴት ልጆችም የሌላው ገደል እናቶች ይሆናሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? «ሌሎች ይመጣሉ» ያለው ገበሬ የተናገረው ከእውነት የራቀ አልነበረም። አንድ ገደል በመርዝ ባዶ ቢሆን ውሃውና ማሽላው እዚያው ናቸው፤ ሌላው መንጋ ሊይዘው ይችላል። ያኔ እንደገና መርዝ ልትጠይቁ ነው። መርዝ ደግሞ ሰው አይመርጥም፤ እንስሳም አይመርጥም። ውሻን ይገድላል። ፍየልን ይገድላል። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሣ ይሞታል። ልጅ በእጁ ነክቶ አፉን ቢነካስ?

ዝንጀሮ ዛሬ ነገ ከምድር ይጠፋል ብለን አናስፈራራችሁም። ሐማድሪያስ ገና ብዙ ነው። ነገር ግን የአንዲት እናት መስመር የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ስትሞት ያበቃል። ወንዶች ልጆቿ ቢተርፉ እንኳ አይመልሱትም፤ አያወርሱምና። ሁለት ሚሊዮን ዓመት ሲገለበጥ የኖረ ጽሑፍ አንዱ ገጹ ይቀደዳል ማለት ነው። ገጹን መልሶ የሚጽፍ ሰው የለም።

ይሁንና እህላችሁ ይበላ አንልም። እንዲህ ብንልማ የእናንተን ድካም ያላየን እንሆናለን። የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ማሳ ለብቻው፣ ያውም በልጅ ያስጠብቃል። ተያያዥ ማሳ ያላችሁ ተባበሩና በተራ ጠብቁ። ዝንጀሮ በቀን እንጂ በሌሊት አይዘርፍም፤ ስለዚህ ቀኑን በሁለት ከፍሎ ለአዋቂዎች ማደል ይቻላል። ስድስት ቤት ቢተባበር ለአንዱ ቤት ተራው በስድስት ቀን አንዴ ይደርሳል። በቀሩት አምስት ቀኖች ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል፤ እናቲቱም ማታ ሳትደክም እዚህ ትመጣለች። ተራው እንዳይምታታ የሰውን ስምና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፎ መለጠፍ ያስፈልጋል። ይህን የሚጽፍ ሰው ደግሞ አሁን አላችሁ። እናንተው ናችሁ።

ደብዳቤውን በተመለከተ እውነቱን እንንገራችሁ። እኛ አንጽፈውም። ነገር ግን አንከለክላችሁም፤ ልንከለክልም አንችልም። ማሽላው የእናንተ ነው፤ ረሀቡም ሲመጣ የሚመጣው ወደ እናንተ ቤት ነው። ተነጋግራችሁ፣ ተራ ጥበቃውንም አንድ መኸር ሞክራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ያስፈልጋል ካላችሁ በገዛ እጃችሁ ጻፉት። ዘንድሮ መጻፍ ችላችኋል። በገዛ እጅ የሚጻፍ ነገር ሁለት ጊዜ ይታሰብበታል።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። የኤረርን ገደል መጽሐፍ ያደረጉት፣ የአዋሹን ደም ያስነበቡት በአብዛኛው ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው። ሥራቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን የትኛው መንጋ በየትኛው ወር ወደ የትኛው ውሃ እንደሚወርድ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማማ ላይ የሚውለው ያ ልጅ ትምህርቱን ቢቀጥል፣ ነገ የእነዚህን ዝንጀሮዎች የእናት ጽሑፍ የሚያነበው እሱ የማይሆንበት ምክንያት የለም።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የምድጃው ጽሑፍ ከማን ይወረሳል? ወንድ ልጅ ለልጁ ያወርሰዋል ወይ?
2. አሥረኛዋ በግ በመልኳ ማንን ትመስላለች? በእናቷ መስመር የማን ናት?
3. የአዋሽ አኑቢስና የኤረር ሐማድሪያስ በምን ይለያያሉ? በምን ይዛመዳሉ?
4. በእናንተ ቀበሌ ማሳ በተራ ለመጠበቅ ስንት ቤት ሊተባበር ይችላል? የተራውን ዝርዝር ጽፋችሁ በንባብ ቤቱ ለጥፉ።